ማሰሪያው የተቆረጠ ሄልሜት

ሟቿ የተገኘችው ከጠባቡ የብስክሌት መንገድ ሁለት ክንድ ያህል ወረድ ብላ፣ በግራ ጎኗ ተኝታ፣ ሄልሜቷ ራሷ ላይ በወጉ እንደታሰረ ነው። ብስክሌቷ አጠገቧ ወድቋል፤ ጎማው እንኳ አልተጣመመም። ጭንቅላቷ ያረፈበት ድንጋይ ከጡብ አይበልጥም። ቦታው ገደል አይደለም፤ ቁልቁለቱም ልጆች እየሮጡ የሚወርዱት ዓይነት ነው። በዚያው ጠዋት፣ እዚያችው ኩርባ ላይ ሌሎች ሁለት ሰዎች ወድቀው፣ አቧራቸውን አራግፈው፣ እርስ በርስ እየተሳሳቁ ተነሥተዋል። እሷ ግን ሳትነሣ ቀረች። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ነበር፤ ተራራ ላይ ብስክሌት ስትነዳም የመጀመሪያ ቀኗ ነው።

ሐኪሙ አስከሬኑን መርምሮ የጻፈው አጭር ነበር። ደህና ሄልሜት አድርጋ ቢሆን ኖሮ ራስ ምታት ይዟት ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር ይላል። ነገሩን ከአደጋ ወደ ወንጀል ያሻገረችው ይህች ዓረፍተ ነገር ናት። ሄልሜቱ ላይ የአንድ ብስክሌት ሱቅ ምልክት ተለጥፏል፤ የሟቿ አባትም ልጃቸው ሄልሜት ለመምረጥ እዚያ ሱቅ ሦስት ጊዜ መመላለሷን ተናገሩ፤ ፖሊስም ጊዜ ሳያጠፋ ባለሱቁን አሰረው። ያረጀ ሄልሜት ጠግኖ እንደ አዲስ ሸጦ ሰው ገድሏል ነው ነገሩ። ዐቃቤ ሕጉ ዓርብ ከሰዓት ክሱን ፍርድ ቤት ሊያስገባ ቀጠሮ ይዟል። መዝገቡ መርማሪዋ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ረቡዕ ጠዋት ሆኖ ነበር።

መርማሪዋን በጣቢያው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «ቆይማ» ነው የሚሏት። ምስክር ሲያለቅስ፣ ተጠርጣሪ ሲምል፣ አለቃ ሲጮህ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ «ቆይማ» ትላለች፤ ያኔ የሚያለቅሰውም የሚጮኸውም ቀጥ ይላል። ሃምሳን አልፋለች፤ ጉልበቷ ደረጃ አይወድም፤ ሰው ሲዋሻት ግን ገና አፉን ሳይከፍት ያስታውቃታል። ሥራዋን የምትወደው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እውነቱ ሲታወቅ ቢያንስ አንድ ሰው እፎይ ይላል ብላ ታምናለች።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ከሳሹ፣ ወደ አባትየው ነው።

አባትየው ጫማ ሰፊ ናቸው። የሚሠሩበት ክፍል በሩ ጠባብ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ጫማዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል። ሽማግሌው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የተማሪ ቦርሳ ይሰፋሉ።

«ሥራ ገቡ እንዴ አባባ? ገና ሳምንት እንኳ አልሆነዎትም።»

«ቤት ስቀመጥ ግድግዳው ይበላኛል፣ ልጄ። እዚህ ቢያንስ እጄ አይፈታም። ተቀመጪ።»

«ብስክሌት እንደምትነዳ ያውቁ ነበር?»

«መንዳት እንደምትፈልግ አውቃለሁ። አንገትሽን ትሰብሪያለሽ፣ እኔ ቤት እንዲህ ያለ ወሬ እንዳልሰማ አልኳት። እሷ እንደሆነች እንደ እናቷ ናት፤ ያልኳትን በፈገግታ ሰምታ የራሷን ታደርጋለች። ‹ጥሩ ሄልሜት ካላገኘሁ አልጀምርም፣ አባዬ፤ ሰውዬው እኮ ጭንቅላቴን በሜትር ለካኝ› ትለኛለች። እኔ ጆሮ አልሰጠኋትም። ሄልሜቷን አንድ ቀን እንኳ አላሳየችኝም።»

«እናቷስ?»

«ከሞተች አሥር ዓመቷ። እኔና እሷ ብቻ ነበርን።»

ሲያወሩ እጃቸው አላቆመም። በወስፌ ይበሱና ሰም የተቀባውን ክር በሁለት መርፌ፣ ከዚህም ከዚያም በአንድ ቀዳዳ ያሳልፉታል። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መለሱትና ሳይቋጥሩ በቢላዋ ቆረጡት።

«ቋጠሮ የለውም?» አለች ቆይማ። መጠየቅ ልማዷ ነው፤ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

«ቋጠሮ ይፈታል። ሦስት ጊዜ የተመለሰ ግን ጨርቁ ያልቃል እንጂ እሱ አይለቅም። ከአባቴ የወረስኩት ነው። በዚህ ከተማ እንዲህ አድርጎ የሚጨርስ ሌላ ሰፊ አታገኚም፤ ሁሉም ቋጥሮ ነው የሚሸኝሽ።» ለአፍታ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበር፤ ወዲያው ጠፋ። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ያንን ሄልሜት ያበጃጀውን ሰው ፊት ለፊት አምጥተሽ አሳዪኝ። አልሰድበው፣ አልመታው። ልየው ብቻ።»

ቆይማ ቃል መግባት አትወድም። የሽማግሌውን እጅ አየችና ግን «አሳይዎታለሁ» አለች።

ጣቢያ ተመልሳ ሄልሜቱን ከታሸገበት ከረጢት አወጣችው። አረንጓዴ ነው፤ ከኋላ እስከ ማጅራት ወረድ ይላል። ከሩቅ ሲያዩት ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን በስተቀኝ በኩል ያለው ጭረት ላይ የአበባ ሥዕል ተለጥፎበታል። የሱቁ ምልክት ቢጫ ሆኖ ከኋላ ይታያል። ውስጡን ያለበሰውን ጨርቅ ስታነሣ ምቱን የሚያበርደው ነጩ ፎም ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። የግራው ስንጥቅ አዲስ ነው፤ ፎሙ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይታያል። የቀኙ ስንጥቅ ውስጥ ግን የቆየ አቧራ ገብቶ ጠቁሯል፤ ዙሪያውም እንደ ተረገጠ ሣር ተጋድሟል። ከሥሩ የታተመው ዓመተ ምሕረት የዛሬ ስድስት ዓመት ነው።

ከዚያ ማሰሪያውን አየች። ከሁለቱም ጆሮዎች በታች አንድ ጊዜ ተቆርጦ ነበር። የተበጠሰ ገመድ ጫፉ ይተረተራል፤ ይሄ ግን በመቀስ ቀጥ ተደርጎ ነው የተቆረጠው። ቆራጩ ማንም ይሁን ማን፣ ሌላ ሰው ደግሞ መልሶ ሰፍቶታል። ስፌቱ ከዚህም ከዚያም አንድ ዓይነት ነው፤ ክሩ ሰም ሰም ይላል፤ ጫፉ ላይ ቋጠሮ የለውም። ቆይማ መነጽሯን አወለቀች፤ ጠረገች፤ መልሳ አደረገች። ያየችውን ደብተሯ ላይ አልጻፈችውም።

ባለሱቁ ወፍራም፣ ወሬ የማይሰለቸው ሰው ነው፤ የሁለት ቀን እስር ግን አጠውልጎታል። ከረባት ያሰረ ሰው ሲያልፍ ባየ ቁጥር ጠበቃው እየመሰለው ይነሣል።

«ንገረኝ፤ መጀመሪያ ቀን መጥታ ምን አለችህ?»

«ስለ ሄልሜት ካስጀመሩኝ ዝም አልልም እህቴ። ሚስቴ ‹ቤት ውስጥ ከምታደነቁረኝ ሱቅ ክፈት› ብላ ነው ያስከፈተችኝ።» ሊስቅ ሞክሮ ተወው። «ሌላው ሁሉ ‹የትኛው ያምርብኛል?› ብሎ ነው የሚጀምር። እሷ ደብተር ይዛ መጣች። ከቅንድቧ ከፍ አድርጌ ጭንቅላቷን በሜትር ለካሁ፤ ሃምሳ ስድስት። ዘጠኝ ሄልሜት አስለካኋት። ‹ማሰሪያውን ሳታስሪ ጎንበስ ብለሽ ራስሽን ነቅንቂ፤ ከወደቀ ልክሽ አይደለም› አልኳት። ሱቁ መሐል ቆማ ስትነቀንቅ ደንበኛው ሁሉ ይስቃል፤ ጉዳይዋም አልነበረም።»

«ሌላስ?»

«ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት፤ ከአገጭ ሥር ሁለት ጣት። ለተራራ ሲሆን ማጅራት የሚሸፍን። ሁሉንም ጻፈች። አረንጓዴው ልክክ አለላት፤ ግን የመጨረሻው ነበር፣ ሌላ ሰው አስይዞታል። ‹አንድ ወር ታገሺ፣ ይመጣል› አልኳት። በሦስተኛው ጊዜ መጥታ ‹ያንኑ ዓይነት፣ ያንኑ ቁጥር ሌላ ቦታ ባገኝስ?› አለችኝ። ‹ያው ከሆነማ ምን ችግር አለው› አልኳት።» ድምፁ ተሰበረ። «‹አሮጌ እንዳይሆን፣ የወደቀ እንዳይሆን› ማለት ነበረብኝ። ለስንቱ እላለሁ። በዚያ ቀን ሰው በዝቶብኝ አላልኩም።»

«ቢጫው ምልክት ያንተ አይደለም?»

«የኔ ነው። ግን ከአራት ዓመት ወዲህ ሰማያዊ ነው የምለጥፈው። ተናግሬያለሁ እኮ! ‹ሁሉም ሲታሰር እንዲህ ይላል› አሉኝ።»

«ሱቅህ ውስጥ ማሰሪያ የሚሰፋ አለ?»

«የሸሚዜን ቁልፍ እንኳ ሚስቴ ናት የምትተክልልኝ። ልጆቼ ‹አባታችሁ ሰው ገደለ› እየተባሉ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ እህቴ። ዓርብ ከተከሰስኩ አለቀልኝ።»

ቆይማ አመነችው። እምነቷ ግን ለዐቃቤ ሕጉ ምኑም አይደለም።

ሟቿ እሁድ ዕለት አብራቸው የወጣችው የብስክሌተኞች ቡድን መሪ በሙያው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ ጥቁር። ቡድኑ ዕቃውን የሚያስቀምጠው በአንድ አሮጌ ጋራዥ ውስጥ ነው። ጥግ ላይ ክዳን የሌለው ካርቶን አለ፤ ካርቶኑ ውስጥ አራት ሄልሜቶች ተጥለዋል፤ የአራቱም ማሰሪያ ከሁለት ተቆርጧል።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«የሞቱ ሄልሜቶች ናቸው። አንድ ጊዜ ጠንከር ያለ ምት የመታው ሄልሜት ውስጡ ይደቃል፤ ሁለተኛ አያድንም። ከውጭ ስለማያስታውቅ ማንም እንዳያደርገው ማሰሪያውን በመቀስ እቆርጠዋለሁ። ሕጋችን ነው። ማሰሪያው የተቆረጠ ሄልሜት አይነካም፤ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን።»

«ስንት ነበሩ?»

መሪው ጎንበስ ብሎ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። «አምስት... አምስት ነበሩ። የኔው አረንጓዴ የለም። አምና በቀኝ በኩል ወድቄበት...» ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። «እሷ ያደረገችው የኔን ነው?»

«ቆይማ። እሁድ ጠዋት አላየኸውም?»

«አየሁት። አረንጓዴ የያዘ ብዙ ሰው አለ፤ አበባ ለጥፋበታለች፤ የሷ ነው ብዬ አሰብኩ። ማሰሪያውን አጠበቅኩላት። ሁለት ጣቴን አገጯ ሥር አስገብቼ ‹ልክ ነው› አልኳት።»

«ካርቶኑ ምን እንደሆነ ጠይቃህ ታውቃለች?»

«ጋራዡን ያጸዳን ቀን። ‹እነዚህ ለምን ተጣሉ?› አለችኝ። ፍሬን እፈታ ነበር፤ ቀና ሳልል ‹ማሰሪያቸው ተቆርጧል› አልኳት። ሌላ ምን ልበል? ሁሉም ያውቃል...»

«አዲሷስ?» አለች ቆይማ።

መሪው ካርቶኑ አጠገብ ቁጭ አለ። ቆይማም ልትቆጣው ፈልጋ አቃታት፤ ምክንያቱም ሰውየው የቆረጠው ሰው እንዳይሞት ብሎ ነው።

የቀረችው የሟቿ የሥራ ባልደረባ ናት። ሁለቱ አንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር፤ አሁን አንደኛው ወንበር ባዶ ነው፤ ነጩ ጋዋንም መስቀያው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ልጅቷ ስለ ሄልሜት ምንም እንደማታውቅ ተናገረች። እጆቿ ግን ባዶ የደም መያዣ ብልቃጦችን ይደረድሩና ያፈርሱ ነበር።

«ቦርሳሽ ያምራል» አለች ቆይማ ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለውን እያየች። «ማንገቻውን ማን ሰፋልሽ?»

«አባቷ ናቸው። የኛን ሁሉ ዕቃ እሳቸው ናቸው የሚሰፉልን።»

ቆይማ የቦርሳውን ማንገቻ ገልበጥ አደረገችው። ከዚህም ከዚያም አንድ ዓይነት ስፌት፤ ሦስት ጊዜ የተመለሰ፤ ቋጠሮ የሌለው። ከኪሷ የሄልሜቱን ማሰሪያ ፎቶ አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠችው።

ልጅቷ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «እኔ ነኝ የወሰድኩት» አለች። «‹አባዬ ካየ ጉድ ይፈላል፤ አንቺ ውሰጂልኝ› አለችኝ። የወንድሜ ነው ብዬ ሰጠኋቸው። ግን ምን ችግር አለው? ማሰሪያው አልተበጠሰም እኮ! እንደሰፉት ነው!»

ቆይማ ስለ ፎሙ፣ ስለ ካርቶኑ፣ ስለ መቀሱ ነገረቻት። ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«አይንገሯቸው» አለች ከእጇ ሥር። «በፈጠረዎት። እኔ ነኝ የሰፋሁት ይበሉ። ልታሰር። እሳቸው ይሄን ከሰሙ አይኖሩም።»

«ስፌት ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

ሐሙስ ዕለት ቆይማ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ገብታ አንድ ሰዓት ተከራከረች። ሄልሜቱ የተሸጠው ከዓመታት በፊት መሆኑን፣ ከካርቶን መወሰዱን፣ ሁሉንም አስረዳች። ሰውየው በትዕግሥት ሰማትና እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጥሩ። ማሰሪያውን ማን ሰፋው?»

«የሰፋው ሰው ጥፋት የለበትም።»

«ጥፋት ከሌለበት ምን ያስፈራዋል? ይምጣና ይፈርም። የሰፋው ካልታወቀ ግን፣ ባለሱቁ ከካርቶኑ አስወጥቶ፣ ጠግኖ፣ ሸጧል ብዬ ነው የምቀጥለው። አንቺ ሌላ ሰው አላመጣሽልኝም።»

«መጠቆም ብቻ አይበቃም?»

«አይበቃም።»

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ወደ ጫማ ሰፊው ቤት ሄደች። ለብቻቸው ብነግራቸው ይሻላል ብላ መንገዱን ሁሉ ቃል ስትመርጥ ነበር። ሽማግሌው ገና በሩ ላይ ሲያዩዋት ተነሥተው «ሰውየውን አገኘሽው?» አሏት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርዶ ስትናገር የኖረች ሴት ምላሷ ተሳሰረ። «ነገ ጠዋት ብስክሌት ሱቁ ይምጡ» ብቻ ብላ ተመለሰች። በራሷ አፈረች፤ ማፈሯም ምንም አልረዳትም።

ዓርብ ጠዋት የሱቁ እሽግ ተቀድዶ ሁሉም ገቡ። ግድግዳው ላይ ሄልሜቶች ከላይ እስከ ታች ተሰቅለዋል። ባለሱቁ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል። የቡድኑ መሪ በሩን ተደግፏል። የሟቿ ባልደረባ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። አባትየው ደንበኛ ጭንቅላቱን በሚለካበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ባለሱቁን ያዩታል፤ ባለሱቁ መሬት መሬት ያያል።

ቆይማ አረንጓዴውን ሄልሜት ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ባንኮኒው ላይ አኖረችው።

«ከዚህ ሱቅ ወጥቷል» ብላ ጀመረች። «ግን መቼ? ቢጫው ምልክት ከአራት ዓመት በፊት የቀረ ነው። የተሠራበት ዓመትም ስድስት ዓመት ያለፈው ነው። የዚያን ጊዜ የገዛው እዚህ ያለው የቡድኑ መሪ ነው፤ ደረሰኙን ከቤቱ አግኝተናል። ሁለተኛ፣ ሟቿ የወደቀችው በግራ ነው። ፎሙ ግን በቀኝም ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ የቆየ አቧራ አለ። ስለዚህ ሄልሜቱ አምና፣ በመሪው ራስ ላይ ሥራውን ሠርቶ ጨርሷል። እሁድ ዕለት እሷ ራስ ላይ የነበረው ባዶ ቅርፊት ነው።»

«ታዲያ ማሰሪያውን ማን ቆረጠው? ፖሊሶቹ ተቆርጧል ብለውኛል» አሉ አባትየው።

«እኔ» አለ መሪው ከበሩ። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ አባባ።»

ሽማግሌው ሊነሡ ሲሉ ቆይማ እጇን ዘረጋች። «ይቆዩ። እኔም መጀመሪያ ማሰሪያውን የቆረጠ ሰው ክፉ ያሰበ ሰው ነው ብዬ ነበር። ግን ሄልሜቱ አልወለቀም፤ እንደታሰረ ነው የተገኘው። የቆረጠው ማንም ዳግመኛ እንዳያደርገው ነው። እነሱ ዘንድ የተቆረጠ ማሰሪያ ማለት አትንኩኝ ማለት ነው። ይሄን የማያውቅ አዲስ ሰው ግን የሚያየው ማሰሪያው ብቻ የተበላሸ ጥሩ ሄልሜት ነው። ልጅዎ ሦስት ጊዜ የተመላለሰችበትን፣ ልኳ የሆነውን፣ ያንኑ ዓይነት ካርቶን ውስጥ አየችው። ጠየቀች፤ ማሰሪያው ተቆርጧል ብቻ ተባለች። ወሰደችው። አጠበችው፣ ጭረቱ ላይ አበባ ለጠፈችበት። የሚቀረው ማሰሪያው ነበር።»

«እሱስ? የሰፋው ማነው?» አሉ አባትየው። ዐይናቸው ባለሱቁ ላይ ነበር። «አሳይዎታለሁ ብለሽኛል።»

ቆይማ አፏን ከፈተች። ቃሉ ተዘጋጅቶ ነበር። ግን ባለሱቁን አየች፤ ሽማግሌውን አየች፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን መግደል ሆነባት።

«እኔ ነኝ» አለች የሟቿ ባልደረባ ጮክ ብላ። «እኔ ነኝ የሰፋሁላት። አላወቅኩም ነበር፤ ይቅር በሉኝ።»

«አንቺ?» አሉ ሽማግሌው። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ግራ ነው የገባቸው። «ቦርሳሽን እኔ ዘንድ የምታመጪ ልጅ? እስቲ አምጡት፤ ልየው።»

ማንም አልከለከላቸውም። ቆይማ ልትከለክል እጇ እስከ ከረጢቱ ደርሶ ቆመ፤ በምን ሕግ፣ በምን አፍ? ሄልሜቱን አውጥታ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ማሰሪያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። መልሰው ዳሰሱት።

«አንቺ አይደለሽም» አሉ ቀስ ብለው፣ ተማሪ እንደሚያርም ሰው። «አንድ ሰው ሁለት መርፌ መያዝ እስኪለምድ ዓመት ይፈጅበታል። ይሄ በሁለት መርፌ ነው የተሰፋው። ሰም አለው። መጨረሻው ላይ ሦስት ጊዜ...»

አውራ ጣታቸው እዚያው ላይ ቀረ።

ባለሱቁ ነገሩ ገባውና ፊቱን አዞረ። መፈታቱ ነው፤ ግን ደስ አላለውም፤ ያንን ቀን ቢቻል ታስሮ መዋልን ይመርጥ ነበር። መሪው አለቀሰ። ቆይማ ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብላ ጎንበስ አለች፤ ጉልበቷ አመማት።

«ጥፋት የለብዎትም፣ አባባ። ሕጉም እንዲሁ ነው የሚለው። ከውስጥ የደቀቀ መሆኑን የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም።»

«ተይው፣ ልጄ» አሉ። ከሄልሜቱ ዐይናቸውን አላነሡም። «የወንድሜ ነው ነበር ያልሽኝ» አሏት ልጅቷን።

«አዎ፣ አባባ።»

«ለምን ተቆረጠ ብዬ አልጠየቅኩሽም።»

«አልጠየቁኝም።»

«ቁራጭ ሳይ መስፋት ነው የምወደው» አሉ፤ ለማንም አልነበረም የተናገሩት። ወደ ልጅቷ ዞረው «ስሰጥሽ አንድ ነገር ብዬሽ ነበር። ምን ነበር ያልኩሽ?»

ልጅቷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ጨመቀች። ጠበቋት።

«‹ይሄ አይለቅም፤ በሰላም ይንዳበት በይው› አሉኝ።»

«ነገርሻት?»

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«ሳቀች። ‹አየሽ፣ አባዬ ሳያውቀው መረቀኝ› አለች። ሄልሜቱን እቅፍ አድርጋው ሄደች።»

አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ‹የሰፋሁት እኔ ነኝ› ብለው የሚፈርሙበትን ወረቀት ጠየቁ፤ ቆይማ ቦታውን በጣቷ አሳየቻቸው፤ ፈረሙ። ባለሱቁ ከቀትር በፊት ተፈታ።